ውጤቴ ሳይገኝ አላገባም ያልኩት እኔ ነኝ

«ክርንህን አንሳ።»

ከማንም አብልጬ ለወደድኩት ሰው መጀመሪያ የተናገርኩት ቃል ይሄ ነው። ሰላም እንኳ አላልኩትም።

በሩን ከፍቼ ስገባ አንድ የማላውቀው ረጅም ሰው ጠረጴዛዬን ተደግፎ ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን ግራፍ ያያል። ጠረጴዛው ደግሞ ተራ ጠረጴዛ አይደለም። እግሮቹ በታመቀ አየር ላይ የሚንሳፈፉ፣ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ቢያልፍ እንኳ እንዳይነቃነቅ የተሠራ ነው። ሳምንቱን ሙሉ በእግሬ ጣት እየተራመድኩ የጠበቅኩት ልኬት እላዩ ላይ ነበር።

«ይቅርታ፣ ጠረጴዛ መስሎኝ ነው» አለ ደንግጦ።

«ጠረጴዛ ነው።»

«ታዲያ...»

«የሚደገፉት ጠረጴዛ አይደለም።»

ክርኑን አነሳና የት እንደሚያደርገው ግራ ገባው። ኪሱ ውስጥ ሊከተው የፈለገ ይመስል ነበር። ሳቄ መጣ፤ ግን ሳምንቴን ገደል ለከተተ ሰው መሳቅ አልፈለግኩም። ጥርሴን ነክሼ ማሽኑን አጠፋሁ። ለካ መለኪያዎቼን እንዲያሻሽል ቡድናችን የቀጠረው አዲሱ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ እሱ ኖሯል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙን ትቼ «ክርን» እለው ጀመር። እሱም ሳይቀየም «አቤት» ይለኛል።

ሥራዬን ላስረዳችሁ፤ አለዚያ ንዴቴ አይገባችሁም። እኔ ፊዚሲስት ነኝ። የማጠናው የዘፈቀደ ንዝረትን ነው፤ ማንም ሳያዘው ከየአቅጣጫው እየመጣ ነገሮችን የሚያንቀጠቅጠውን። ጠረጴዛዬ ላይ ከጥፍር የቀጠነች የብረት ምላስ አለች። ከሁለት ጫፏ ስለተጫንኳት ቀጥ ብላ መቆም አትችልም፤ ወይ ወደ ግራ ወይ ወደ ቀኝ ትጎብጣለች። እኔ በልክ የተሰፈረ ንዝረት እለቅባታለሁ። ሌላ ምንም እንዳይነካት ነው ጠረጴዛው የሚንሳፈፈው። ትንቀጠቀጣለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ከዚያ በድንገት ቀጭ ብላ ወደ ሌላው ጎን ትገለበጣለች።

ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነው። ከመገልበጧ በፊት መንቀጥቀጧ ውስጥ ማስጠንቀቂያ አለ ወይስ የለም? እኔ አለ ባይ ነኝ። ልትገለበጥ ስትል መንቀጥቀጧ ዝግ ይላል ብዬ አምን ነበር። ይህ ቢረጋገጥ ለድልድይም፣ ለኤሌክትሪክ መስመርም፣ ለሰው ልብም ይጠቅማል። ሦስት ዓመት ፈለግኩት። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነብኝ። እናቴማ በየስልኩ ትቀልድብኛለች።

«ይሄ ሁሉ ትምህርት ጫጫታ ለማጥናት ነው? ጫጫታ ፍለጋ ምን ሩቅ አስኬደሽ? አክስትሽ ስትመጣ እዚሁ አትሰሚም ነበር?»

ክርን ነገር በሆዱ የሚይዝ ሰው ነው። እሱ አንድ ነገር ተናግሮ እስኪጨርስ እኔ ሦስት እናገራለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ዝምታው ያበግነኝ ነበር። እያደር ግን አንድ ነገር አየሁ። ወደ ክፍሌ ሲመጣ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል። ማንም አላዘዘውም። በካልሲ ቀስ ብሎ ይገባና ከጠረጴዛው ራቅ ብሎ ቆሞ፣

«ልጅቷ እንዴት አደረች?» ይለኛል። ልጅቷ የሚላት የብረቷን ምላስ ነው።

«ስትንቀጠቀጥ።»

«አልተገለበጠችም?»

«ስንቴ ተገለበጠች። አንዴም አልነገረችኝም።»

«አይዞሽ» ይላል። ሌላ ምንም አይልም። ያቺ «አይዞሽ» ግን ቀኑን ሙሉ ታቆየኛለች።

አንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ ካለው የውሃ ማቀዝቀዣ ውሃ እየቀዳሁ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ?»

«መለኪያው ተበላሸ እንዳትለኝ።»

«አይ... ወድጄሻለሁ።»

ብርጭቆው ሞልቶ ውሃው እጄ ላይ ፈሰሰ።

«እንዲህ ያለ ነገር እዚህ ይነገራል?»

«የት ልንገርሽ? ሌላ ቦታ ቆመሽ አይቼሽ አላውቅም።»

ለምን እዋሻለሁ፣ እኔ ቀድሜው ነበር የወደድኩት። ግን በዚያች ሰዓት «እሺ፣ ሰምቻለሁ» ብዬው ሄድኩ። ክፍሌ ገብቼ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ብቻዬን የሳቅኩት።

አሁን ስለ ድብብቆሽ ልንገራችሁ። ቡድናችንን የሚመሩት ፕሮፌሰር ሽማግሌ ናቸው፤ ፈላጊ ሰው አያምኑም። «የሚፈልግ ሰው የሚፈልገውን ያያል። ደመና ላይ የሰው ፊት የምናይ እኛው ነን» ይላሉ። ስለዚህ በቡድናችን አንድ ልማድ አለ። በየዓመቱ ከመካከላችን አንዱን ለብቻው ጠርተው ደባቂ ያደርጉታል። ማን እንደሆነ ከሳቸውና ከሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ደባቂው ባሻው ቀን ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ ሆኖ የውሸት ማስጠንቀቂያ ወደ ብረቷ ይልካል፤ ቁርጥ እውነተኛውን አስመስሎ። ወይም ምንም ላይልክ ይችላል። ፈላጊዋ እኔ ነኝ። ዓመቱ ሲያልቅ የመክፈቻ ቀን ይባላል፤ ያን ጊዜ ደባቂው ተነስቶ ይናገራል። ከዚያ በፊት አንዲት ቃል ከተነፈሰ የዓመቱ ልኬት በሙሉ ይጣላል። አውቃ ነው ያገኘችው ይባላላ።

እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ ባይ፣ ደባቂውን የደረስኩበት መሰለኝ። ከኔ ቀጥሎ ባለው ክፍል የሚሠራ፣ ወሬ ከአፉ ስለማይጠፋ «ሬዲዮ» የምንለው ባልደረባ አለን። ያን ሰሞን እኔን ሲያይ ዝም ማለት አመጣ። ሬዲዮ ዝም ካለ ምስጢር ይዟል ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ኋላ እንደሰማሁት ጥርሱን ተነቅሎ ነው።

ክርን ለጋብቻ የጠየቀኝ አውቶቡስ ስንጠብቅ ነው። ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ፀሐዩም ያቃጥላል። የያዝኩትን ቦርሳ ተቀበለኝና፣

«እንጋባ» አለኝ።

«ውጤቴ ሳይገኝ አላገባም።»

«ለምን?»

«እናቴ ስትደውል መጀመሪያ ጨረስሽ ወይ ትለኛለች፣ ቀጥላ አገባሽ ወይ። በተራ ልመልስላታ።»

ቀልድ አስመሰልኩት እንጂ ቀልድ አልነበረም። ሦስት ዓመት ለፍቼ ባዶ እጄን ሙሽራ መሆን ሞት መሰለኝ። ሰው ሁሉ «ትምህርቱ አልሆን ሲላት አገባች» የሚለኝ መሰለኝ። ክርን መሬት መሬቱን አየ።

«ባይገኝስ?» አለኝ።

«ይገኛል።»

«ተገኘ ብለሽ... ሌላ ነገር ቢሆንስ?»

«አታሟርትብኝ» አልኩት። ቦርሳዬን ተቀብዬው አውቶቡሱ ላይ ወጣሁ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቆዩ ልኬቶችን ስመረምር ተገኘ። ግራፉን ሳየው እጄ ከኮምፒውተሩ ላይ ቀረ። ብረቷ ከመገልበጧ ቀደም ብሎ መንቀጥቀጧ ዝግ ብሏል፤ ልክ እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ይላል ስል እንደኖርኩት። ደግሜ አሰላሁት። ያው ነው። ቀኑን አየሁ። ልኬቱ የተወሰደው ሬዲዮ ለሥልጠና ከከተማ በወጣበት ሳምንት ነው። ደባቂው ከተማ ውስጥ ካልነበረ የደበቀ የለም። ስለዚህ እውነተኛ ነው!

የመክፈቻውን ቀን እንኳ አልጠበቅኩም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ተረት ለኔ ሳይሆን አይቀርም የተተረተው። ስልኬን አነሳሁ።

«እማዬ፣ አገኘሁት። ጨረስኩ። ላገባም ነው።»

እናቴ ስልኩን ሳትዘጋ ለአክስቴ ስትጣራ ሰማኋት። ከዚያ በኋላ ማን ማን እንደሰማ አትጠይቁኝ።

ወደ ክርን ወርክሾፕ ሮጥኩ። ሽቦ ሲበይድ ደረስኩበት።

«ተገኘ።»

«ምኑ?»

«ማስጠንቀቂያው ነዋ። ልጅቷ ተናገረች። በቃ እንጋባ፣ አንተ ባልከው ቀን።»

መበየጃውን ቀስ ብሎ ማስቀመጫው ላይ አኖረው። ፊቱ አመድ መሰለ። ያቅፈኛል ብዬ ነበር የጠበቅኩት፤ እንዲያውም እጄን ዘርግቼ ነበር።

«ለሰው ነገርሽ?» አለኝ።

«ለእናቴ።»

ዓይኑን ጨፈነ።

«የመክፈቻው ቀን ይለፍ። እስከዚያ እንቆይ።»

«ስለ ግራፉ ነው ስለ ጋብቻው የምታወራው?»

«ስለ ሁለቱም።»

የዘረጋሁትን እጄን ሰበሰብኩ።

«እንጋባ ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«ታዲያ አሁን ምን መጣ? ሌላ ሴት አለች?»

«የለችም።»

«ቀናህብኝ?»

«እንዴት አድርጌ እቀናብሻለሁ...»

«እንግዲያው ተናገር።»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ምንም አልወጣውም። እኔም እስከዚያ ቀን ዝምታውን ጨዋነት ያልኩበት ሞኝነቴ ገረመኝ። ገና ሳይሳካልኝ ሲያጽናናኝ የነበረ ሰው፣ ሲሳካልኝ ፊቱ ጠፋ አልኩ። የሰጠኝን የቤቱን ቁልፍ ከቦርሳዬ አውጥቼ የሽቦ ክምሩ ላይ ወረወርኩለትና ወጣሁ።

ከዚያ ያለው ጊዜ እንዴት እንዳለፈ እኔ ነኝ የማውቀው። መለኪያው ሲበላሽ ሌላ ሰው እንዲልኩልኝ ጠየቅኩ። የተላከው ሰው ጫማውን አያወልቅም፤ ሲራመድ ወለሉ ይጮሃል፤ እኔ እበሽቃለሁ። ኮሪደር ላይ ክርንን ካየሁት መንገድ እቀይራለሁ። እናቴ በየቀኑ ትደውላለች።

«ቀኑን ቁረጡ እንጂ። ሰው ይጠይቀኛል።»

«ሥራ ይዞናል እማዬ።»

«ጨርሻለሁ አላልሽም እንዴ?»

ምን ልበላት? ሰውዬው ሸሸኝ ልበላት? አንጀቴ እያረረ «እነግርሻለሁ» እያልኩ እዘጋለሁ።

የመክፈቻው ቀን ደረሰ። ሁላችን ስብሰባ ክፍሉ ውስጥ ተቀመጥን። ግራፌን አሳይቼ አስረዳሁ፤ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ከዚያ ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁና፣

«ደባቂ፣ ተነሳ» አሉ።

እኔ ሬዲዮን አየሁ። ሬዲዮ ማስቲካውን ያላምጣል። ከኋላዬ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ዘወር ስል የቆመው ክርን ነው።

«አንድ ነው ያስገባሁት» አለ። ቀኑን ተናገረ፣ ሰዓቱን ተናገረ። የኔው ቀን ነው። የኔው ሰዓት ነው። ሲናገር አንዴም አላየኝም።

ፕሮፌሰሩ ወደኔ ዞሩ።

«ያገኘሽው እሱ የደበቀውን ነው ልጄ። በጣም ደካማ አድርገን ነበር የሠራነው፤ ታገኚዋለሽ ብዬ አላሰብኩም። ይህን ካገኘሽ ሌላ ቢኖር አያመልጥሽም ነበር። ሌላ ግን የለም። ብረቷ ሳታስጠነቅቅ ነው የምትገለበጠው። ይህንን በእርግጠኝነት መናገር የምትችይ አንቺ ነሽ፤ ጻፊው። ትልቅ ነገር ነው።»

«አመሰግናለሁ ፕሮፌሰር» አልኩ። ሙገሳው ሬት ሬት አለኝ። ሦስት ዓመት አለ ስል የኖርኩትን ነገር የለም ብዬ እንድጽፍ ነው የተሞገስኩት።

ክርን ኮሪደር ላይ ደረሰብኝ።

«ስሚኝ።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አሁን ምን ልትለኝ ነው?»

«ያስገባሁት ለጋብቻ ሳልጠይቅሽ በፊት ነው። አውቶቡስ ስንጠብቅ ውጤቴ ሳይገኝ አላገባም ስትይ... የውሸቱ እዚያ ተቀምጦ እንደሚጠብቅሽ አውቃለሁ። ብናገር የዓመት ልፋትሽ ይጣላል። ዝም ብል ደግሞ...»

«ለእናቴ ስደውልላት እንኳ አላስቆምከኝም።»

«ወርክሾፕ ስትመጪ ደውለሽ ጨርሰሻል።»

እውነቱን ነው። እውነት መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

«ቢያንስ እሺ እንጋባ ብትለኝ ምን ነበረበት? ሳትናገር።»

ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ አናገረኝ።

«በራሴ እጅ በሠራሁት ውሸት ላግባሽ? ከዚያ በመክፈቻው ቀን ስትሰሚ ምን ልትይኝ ነበር? እኔስ ሰው አይደለሁም? ውጤት ከመጣ ባሌ ነህ፣ ካልመጣ ደህና ሁን አልሽኝ። ከብረትሽ ጋር አስረሽኝ ሄድሽ። ልጅቷ ብትናገር አገባ ነበር፣ ዝም ካለች ቀረሁ። እኔ ምን አደረግኩ?»

ሌላ ጊዜ ሦስት የምናገረው እኔ አንድም አላገኘሁም። ትቼው ሄድኩ። እሱም አልተከተለኝም።

በማግስቱ ለእናቴ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት። ደባቂ ምን እንደሆነ ሳስረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደ።

«እንግዲህ ያ ያገኘሁት ነገር ውሸት ነበር እማዬ።»

«ኧረ በሞትኩት። ለአክስትሽ አሁን ምን ልበላት?»

«እኔን ስለኔ አትጠይቂኝም?»

«ቆይ እስቲ። ልጁም ውሸት ነው?»

«ምን?»

«ልጁ ነዋ። ጫማውን እያወለቀ ይገባል ያልሽኝ። ውሸት የሆነው ግራፉ ነው ወይስ ልጁ? እኔ ለሰው የምነግረውን ልወቅ።»

«ግራፉ ነው... ልጁ እውነት ነው።»

«ታዲያ ለምንድን ነው ሁለቱንም የጣልሻቸው?» አለችኝ። መልሴን ግን አልጠበቀችም፤ ወጥ እያረረባት መሆኑን ነግራኝ ዘጋችው።

እዚያው ተቀምጬ ብዙ አሰብኩ። ፕሮፌሰሩ ጻፊው ያሉኝን አሰብኩ፤ ደስ ብሎኝ የምጽፈው ነገር አይደለም። ከዚያ ደግሞ ክርን ሌላ የምርምር ቦታ ሥራ ቢያገኝና ቢሄድ፣ በክፍሌ በር ሰው ጫማውን ሳያወልቅ ሲገባ ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማ ታየኝ። ግራፉ ከመጥፋቱ ይልቅ ይሄኛው አስለቀሰኝ። ዓይኔን በእጅጌዬ ጠርጌ ተነሳሁ።

ወርክሾፑ ውስጥ መሣሪያ እየፈታ ነበር። ሲያየኝ አልተነሳም። የወረወርኩት ቁልፍ መሳቢያው እጀታ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ልጅቷ አትናገርም» አልኩት።

«ሰማሁ።»

«የለም ብዬ ልጽፍ ነው። ምናልባት ሰው ያነበዋል፣ ምናልባት አያነበውም። ከዚህ በኋላ የምፈልገውን ነገር ላገኝም ላላገኝም እችላለሁ።»

ብሎን መፍቻውን አስቀመጠ።

«ከብረት ጋር አሰርሽኝ ያልከው እውነት ነው» አልኩ። «ፈትቼሃለሁ። ውጤት ቢኖርም ባይኖርም... ታገባኛለህ?»

«ደስ ብሎሽ ነው የምትጠይቂኝ?»

«ተናድጄ ነው።»

«በኔ?»

«ባንተም፣ በብረቷም፣ በራሴም። በሬዲዮ ጥርስም።»

«ተናዶ ለጋብቻ የሚጠይቅ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«እንግዲህ እየኝ። ንዴቴ እስኪበርድ ከጠበቅክ ታረጃለህ።»

ብድግ አለ። የጠረጴዛውን ዙሪያ ዞሮ መጣና ግንባሬን ግንባሩ ላይ አስደገፈ።

«እሺ» አለኝ። «እሺ፣ እሺ...»

«ለእናቴ አንተ ደውልላት። እኔ ብነግራት አታምነኝም።»

ስልኩን ሰጠሁት። ከአንድ ዓረፍተ ነገር በላይ ለማያወራው ሰው ከባድ ቅጣት ነው። ጉሮሮውን ጠራረገ፤ «ጤና ይስጥልኝ እማማ» አለ፤ ማን እንደሆነ ነገራት። የእናቴ ድምፅ ከስልኩ አልፎ ለኔ ይሰማኛል።

«ጫማ የምታወልቀው ልጅ ነህ?»

«ነኝ እማማ። ልንጋባ ነው።»

«ይሄኛውስ እውነት ነው?»

ክርን እኔን አየኝ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ይስቅ ነበር።

«እውነት ነው እማማ» አላት። «ይሄኛውን እኔ አላስገባሁትም። ራሷ መጥታ ነው የጠየቀችኝ።»